ሐተታው ያስረዳል፣ ውሳኔው ያዛል

የፍርድ ሐተታና ውሳኔ በአንድ መዝገብ ላይ ተከታትለው ቢጻፉም ሥራቸው ለየቅል ነው። ሐተታው የሆነውን ይናገራል፤ ውሳኔው ሊሆን የሚገባውን ያዛል። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም ጭብጥና ምክንያት የሚሰፍርበትን ፍርድ በአንቀጽ 182፣ ለአፈጻጸም የሚሆነውን ትእዛዝ በአንቀጽ 183 ለይቶ አስቀምጧል። በዳኝነት ሥራዬ ከምንም በላይ የምጠነቀቀው ለዚህ ድንበር ነው።

የአጥር ክርክር እንውሰድ። «ተከሳሽ የከሳሽን መተላለፊያ መዝጋቱ ተረጋግጧል» የሚለው ዓረፍተ ነገር እውነት ወይም ሐሰት ሊሆን ይችላል። የሚመዘነው በምስክር ቃል፣ በባለሙያ ልኬትና በሰነድ ነው፤ ይግባኝ ባይም «ማስረጃው እንዲህ አይልም» ብሎ ሊሞግተው ይችላል።

ውሳኔው ላይ ይህንኑ ደግሞ ማቆም ግን የረታውን ከሳሽ ባዶ እጁን መስደድ ነው። መዝገቡ አፈጻጸም ችሎት ሲደርስ ጥያቄው ይከተላል፤ አጥሩ በሙሉ ይነሣ ወይስ በር ይከፈትበት? በማን ወጪ? አፈጻጸሙን የያዘው ዳኛ በፍርዱ ላይ የመጨመርም ሆነ ከፍርዱ የመቀነስ ሥልጣን የለውም። ስለዚህ ውሳኔው «ተከሳሽ በሁለቱ ይዞታዎች መካከል ባለው መተላለፊያ ላይ ያሠራውን የቆርቆሮ አጥር በራሱ ወጪ አንሥቶ መንገዱን ለከሳሽ ይልቀቅ» ማለት አለበት።

በገንዘብ ክርክርም እንዲሁ ነው። «ተከሳሽ የብድር ዕዳ አለበት» ማለት ለሐተታ ይበቃል። ውሳኔው ግን «ብር 120,000 ክሱ ከቀረበበት ቀን ጀምሮ ተከፍሎ እስኪያልቅ ከሚታሰብ 9 በመቶ ሕጋዊ ወለድ ጋር ለከሳሽ ይክፈል» ይበል። መነሻ ቀኑ ከተዘለለ ተከራካሪዎቹ በወለዱ ስሌት ሌላ ክርክር ይጀምራሉ።

ድንበሩ በወዲያኛው በኩልም ይጣሳል። «ተከሳሽ በማን አለብኝነት የምስኪኗን መንገድ ዘጋ» ብሎ የሚጀምር ሐተታ ማስረጃው ሳይመዘን የፈረደ ነው። የተረታ ሰው ውጤቱን ላይወደው ይችላል። ሐተታውን ሲያነብ ግን የራሱን ክርክር ሳይዛባ ሊያገኘውና ለምን ውድቅ እንደተደረገ ሊረዳ ይገባል። ይህን መንፈግ ግፍ ነው ብዬ አምናለሁ።

ማስረዳት ራሱ ማዘዝ የሚሆንበት ቦታም አለ። ከ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 454 ወዲህ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። የሁለት ሰዎችን ጉዳይ ለማስረዳት የተጻፈ አንቀጽ ፈጽሞ የማይተዋወቁ ሰዎችን ክርክር ይቋጫል። እዚያ ላይ «እንደ ነገሩ ሁኔታ» የምትል የላላች ሐረግ ከገባች እያንዳንዱ ችሎት እንደመሰለው ይተረጉማታል።

ከመፈረሜ በፊት ሐተታውን ሸፍኜ ውሳኔውን ብቻ አነባለሁ፤ ክርክሩን ሰምቶ የማያውቅ የፍርድ አፈጻጸም ሠራተኛ ሳይጠይቀኝ ሊፈጽመው ይችላል? ቀጥሎ ውሳኔውን ሸፍኜ ሐተታውን አነባለሁ፤ የይግባኝ ችሎት እያንዳንዱን ድምዳሜ ከማስረጃው ጋር ሊያገናዝብ ይችላል? ሐተታው ለእውነት ተጠያቂ ነው፣ ውሳኔው ለሚፈጽመው ሰው። ለወጣት ዳኞች ከሁሉ አስቀድሜ የማስተምረውም ይህንን ነው።