ስንት ሄክታር ጸዳ?

የጣና እምቦጭ ዜና ላይ የማይቀር አንድ ቁጥር አለ፤ ይህን ያህል ሄክታር ጸዳ ይባላል። ቁጥሩ ውሸት ነው አልልም። ገበሬው ውሃ ውስጥ ገብቶ አረሙን በእጁ ሲጎትት ከርሟል፤ በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት የተጀመረው የአንድ ወር ዘመቻም ብዙ ሕዝብ አሰልፏል። የምተቸው ልፋቱን ሳይሆን መለኪያውን ነው።

እስቲ አረሙን ራሱን ተመልከቱት። እምቦጭ ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። እናትየው ውሃው ላይ በምትዘረጋው አግዳሚ ግንድ ልጆች ታበቅላለች፤ አበባውም ዘር ይጥላል። ዘሩ ጭቃ ውስጥ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። ጣና በበጋ ሲሸሽ ዳርቻው ይራቆታል፣ ብርሃን ያገኘው ዘርም ይበቅላል። እንግዲህ አንዱ ቦታ ሦስት ጊዜ ተሸፍኖ ሦስት ጊዜ ቢታጨድ፣ በሪፖርት ሦስት ጊዜ ጸድቷል፤ ሐይቁ ግን ያው ነው።

የተነቀለውስ የት ይገባል? አብዛኛው አካሉ ውሃ ስለሆነ ማጓጓዙ ከባድ ነው፣ ዳር ላይ ይከመራል። ካበበ በኋላ የተነቀለ ከሆነ ዘሩን እዚያው አራግፏል። ማሽኑም (ስንት ተዋጥቶለት!) ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ይቸገራል፤ ከማሽኑ ያመለጠ ቁራጭ ደግሞ ተንሳፎ ሌላ ቦታ ያቆጠቁጣል።

እኔን የሚቆጨኝ ግን የማይቆጠረው ነው፤ እምቦጭ ገና ያልደረሰበት ውሃ። አረሙ በቆቃና በአዋሽ የታየው በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ጣና ላይ በይፋ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. አካባቢ። በመሃሉ ከ40 ዓመት በላይ ነበረን።

ጉንደ ወይን ያላችሁ አንባቢዎች "ይሄ የጣና ሰው ጣጣ ነው" ትሉ ይሆናል። ጎንቻ ሲሶ እነሴን ከደቡብ ጎንደር የሚለየው ግን ከዚያው ከጣና የሚወጣው ዓባይ ነው። በገደሉ የሚምዘገዘገው ውሃ ለእምቦጭ አይመችም፤ እሱ የሚወደው የረጋ ውሃ ነው፣ ወንዙ ደግሞ የሚወርደው ወደ ሕዳሴው ግድብ ነው። ወደ ደጋው ኩሬና የመስኖ ግድብ በራሱ ሽቅብ አይወጣም፤ ሰው ነው የሚያመጣው። ባልደረቀ መረብ፣ በውሃ መሳቢያ ሞተር ቱቦ፣ ለከብት መኖ ተብሎ በተጫነ ሸክም፣ ወይም ሐምራዊ አበባው አምሮት "ለግቢዬ" ባለ ሰው እጅ ይመጣል። ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው እኮ በአብዛኛው ለጌጥ እየተወሰደ ነው።

የሚቀጥለውን ሪፖርት ስትሰሙ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የጸዳው ቦታ ከስድስት ወር በኋላ ታይቷል ወይ? ከጣና የወጣውን ጀልባና መረብስ ማን ፈተሸው? ኩሬ ላይ አንድ ሥር ብቻ ሲታይ፣ አንድ ሰው ሳያብብ ነቅሎ፣ ከውሃ አርቆ አድርቆ ሊያቃጥለው ይችላል። ይሄ ሥራ በሄክታር አይለካም፤ ዜና ላይ የማንሰማውም ለዚህ ይመስለኛል።