«መርጋት» ወይስ «መጽናት»? ስለ አንድ ስያሜ የቀረበ ሒስ

ሚቴን አመንጪ ረቂቅ ተሕዋስያን ስላሏቸው ኢንዛይሞች የተዘጋጀ አንድ የትርጉም ረቂቅ ተመልክተናል። ዐረፍተ ነገሩ የጠራ፣ የውሰት ቃላቱም የተመጠኑ በመሆናቸው ሥራው የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ በከፍተኛ ሙቀት ቅርጹንና ተግባሩን ሳይለቅ የሚቆየውን ኢንዛይም «በሙቀት የረጋ» ብሎ መሰየሙን ልንቀበለው አልቻልንም።

«ረጋ» ለሰው ጠባይ ወይም ለአገር ሲነገር መስከንን ያመለክታል፤ ተርጓሚው የያዘው ይህንኑ ፍቺ ነው። ለፈሳሽ ሲነገር ግን መጓጎልን ያሳያል፤ የረጋ ደም፣ የረጋ ወተት እንላለን፤ «እርጎ» የሚለው ስምም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። ወተት ሲረጋ ፕሮቲኑ እርስ በርሱ ተያይዞ ይጓጎላል። ኢንዛይምም ፕሮቲን ነውና «በሙቀት የረጋ ኢንዛይም» የሚለውን ያነበበ ሰው፣ እንደ ተቀቀለ እንቁላል ሙቀት አጠጥሮ ከሥራ ውጭ ያደረገውን ይረዳል። ስያሜው የታሰበውን ገልብጦ ይናገራል ማለት ነው።

ጉዳቱ በምሳሌ ይበልጥ ይታያል። ከካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ ወለል የተገኘው ሜታኖፓይረስ ካንድለሪ እስከ 110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ያድጋል። ፎርሚልትራንስፌሬዝ የተባለው ኢንዛይሙ አንድ ዓይነት የሆኑ አራት ንዑሳን ክፍሎች ተጣምረው የሚሠሩት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመ ጥናት፣ በክፍሎቹ መጋጠሚያ ላይ የሚገኝ አንድ አሚኖ አሲድ እንዲለወጥ ተደርጎ ሲመረመር፣ የአራቱ መጣመር ለሥራው ግዴታ እንዳልሆነ፣ በከፍተኛ ሙቀት ለመቆየት ግን አስፈላጊ እንደሆነ ታውቋል። ይህን በረቂቁ ቃል ብንጽፈው «ጥንዱ ይሠራል፤ አራቱ ሲጣመሩ ግን በሙቀት ይረጋሉ» ይሆናል። አንባቢው መጣመሩን የጥፋት ምክንያት አድርጎ ቢወስደው አይፈረድበትም።

ስለዚህ «በሙቀት የሚጸና» የሚለውን፣ ለስሙም «በሙቀት መጽናት» የሚለውን እንመርጣለን። «ጥንዱ ይሠራል፤ እንደ አራቱ ግን በሙቀት አይጸናም» ቢባል ሁለቱ ባሕርያት፣ መሥራትና መጽናት፣ ሳይደባለቁ ይቆማሉ። «ጽኑ» የሚለው ቅጽል ግን ጥንቃቄ ይሻል፤ ጽኑ ሕመም እንደምንለው ሁሉ «ጽኑ ሙቀት» የሙቀቱን ብርታት እንጂ የኢንዛይሙን ጽናት አይገልጽምና። «ሙቀት ወዳድ» የሚለውም ሙቀት ውስጥ ለሚኖረው ተሕዋስ ይቆይ፤ ኢንዛይሙ ሙቀትን ይችላል እንጂ አይወድም።

ተርጓሚዎች ቃል ሲመርጡ በመዝገበ ቃላት ከሰፈረው የመጀመሪያ ፍቺ ባሻገር፣ ቃሉ በጓዳና በገበያ የሚሰጠውንም ትርጉም እንዲመረምሩ እናሳስባለን።