ጥርስ ባዳ ነው

አባቶቻችን «ጥርስ ባዳ ነው» ሲሉ ሳቅ ዘመድንና ሐዘንን እንደማይለይ መናገራቸው ነው። ይህን አባባል ያሳሰቡኝ የእንግሊዝ አገር የፌዝ ሥዕሎች ናቸው። እነዚህ ሥዕሎች የባሪያ ንግድ ይቅር አይቅር እየተባለ በሚከራከሩበት ዘመን በለንደን እየታተሙ ይሸጡ ነበር። ዓመታቸውን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

በሚያዝያ ወር 1791 ንግዱ እንዲቀር ለፓርላማ የቀረበው ሐሳብ 163 ለ88 በሆነ ድምፅ ወደቀ። በዚያው ወር ጄምስ ጊልሬይ አንድ ሥዕል አወጣ። የስኳር እርሻ አለቃ፣ አሞኝ መሥራት አልቻልሁም ያለውን ባሪያ በሚፈላ የስኳር ድስት ውስጥ ነክሮ ያማስለዋል፤ በግድግዳውም ላይ የጥቁር ሰው ክንድ ተቸንክሯል። ነገሩ በፓርላማ ከተነገረ ግፍ የተወሰደ ነው። ሥዕሉ ጭካኔን ማጋለጡን አልክድም። ነገር ግን ልብ ብለን ብናይ፣ ለአለቃው ፊትም ንግግርም ተሰጥቶታል፤ ባሪያው ግን ከፈላው ስኳር በላይ ብቅ ያለ እጅና እግር ብቻ ነው።

በ1792 ብዙ እንግሊዛውያን ባሮች ያመረቱትን ስኳር አንቀምስም ብለው ተዉ። ጊልሬይም ንጉሥ ጆርጅ 3ኛንና ንግሥቲቱን ያለ ስኳር ሻይ ሲጠጡ ሣላቸው። ንግሥቲቱ ልጆችዋን ስትመክር በጥቁሮቹ ድካም ትጀምርና አባታቸው በሚተርፍለት ገንዘብ ትጨርሳለች። የንጉሥን ንፍገት መንቀፍ ድፍረት ይጠይቃል፤ ዳሩ ግን ባሪያው ከሥዕሉ ጨርሶ ጠፍቷል።

ንግዱ በ1807 በሕግ ተከለከለ፤ ባርነቱ ግን ገና አልተሻረም ነበር። በ1819 ጆርጅ ክሩክሻንክ ባወጣው ሥዕል ጥቁሮች በብዛት ታዩ። የታዩት ግን መልካቸው ተጣሞ፣ በግብዣ ላይ ሰክረው ሲደባደቡ ነው፤ ለነፃነታቸው የተከራከሩትም ነጮች አብረው መሳቂያ ሆነዋል።

እንግዲህ ባሪያው መጀመሪያ ፊት አልነበረውም፣ ቀጥሎ ጠፋ፣ በመጨረሻ ተጣሞ መጣ። የሠዓሊዎቹ እጅ የተባ ነው፤ እኔ የምነቅፈው ዓይናቸውን ነው። ኃይለኛውን አጥርተው አዩት፤ የተበደለውን ግን እንደ ሰው አላዩትም። ስለዚህ ሳቃቸው ዛሬ ግፈኛውን ቢወጋ ነገ ግፉዑን ለመውጋት አላመነታም።

በአገራችን ባርነት በአዋጅ የተሻረው በእኛ አቆጣጠር በ1934 ዓ.ም. ነው። በሰው መልክና ትውልድ መቀለድ ግን በአዋጅ አይቀርም፤ የሚቀረው የሚስቀው ሰው ሲተወው ነው። ወጣት አንባቢ ሆይ፣ በፌዝ ሥዕል ከመሳቅህ በፊት የተበደለው ሰው ፊት የት እንዳለ ፈልግ። ካጣኸው ጥርስህን ግጠም።