«አይደገፍም» ስለሚለው ትርጕም

ወደ አማርኛ በተመለሱ የስልክና የቴሌቪዥን መልእክቶች ላይ «ይህ መሣሪያ አይደገፍም» የሚል ዐረፍተ ነገር ደጋግሞ ያጋጥመናል። በእኛ አስተያየት ትርጕሙ ሁለት ጕድለት አለበት። አንደኛው ግልጽ ነው፤ በአማርኛ የሚደገፍ ያዘመመ ግድግዳ ወይም የደከመ ሰው ነው። ሁለተኛው የበለጠ ያሳስበናል፤ ግሡ ከልካዩን ሰውሮ ጥፋቱን በመሣሪያው ላይ ይጥላል፤ አንባቢውም ደኅና መሣሪያውን ጥሎ ሌላ ለመግዛት ይነሣል።

በርግጥ ጕድለቱ የመሣሪያው የሚሆንበት ጊዜ አለ። ኔትፍሊክስ በዲሴምበር 2019 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው) በ2010 እና በ2011 በወጡ አንዳንድ የሳምሰንግ ቴሌቪዥኖች ላይ መታየቱን ሲያቆም የሰጠው ምክንያት የቴክኒክ ውስንነት ነበር። ለዚህ ዓይነቱ «አይጣጣምም» ይበቃል።

የአማዞንና የጉግል ጠብ ግን ከዚህ ይለያል። አማዞን በ2015 አፕል ቲቪንና የጉግልን ክሮምካስት ከፕራይም ቪዲዮ ጋር አይስማሙም በሚል ምክንያት ከመደብሩ አወጣ፤ ፕራይም ቪዲዮ የራሱ የአማዞን አገልግሎት መሆኑን ልብ ይሏል። ጉግልም በዲሴምበር 2017 ዩቲዩብን ከአማዞን ፋየር ቲቪ እንደሚያነሣ ሲያስታውቅ፣ ያቀረበው አማዞን ምርቶቼን አይሸጥም የሚል የንግድ ቅሬታ ነበር። በጁላይ 2019 ታረቁ፤ ክሮምካስት ፕራይም ቪዲዮን፣ ፋየር ቲቪም ዩቲዩብን ያሳዩ ጀመር። ቀድሞ በየቤቱ በነበሩት ክሮምካስቶች ላይ አንዲት ሽቦ እንኳ አልተጨመረችም። እንዲህ ላለው ትክክለኛው ቃል «ታግዷል» ነው፤ የታገደ ነገር አጋጅ እንዳለው ማንም ይረዳልና።

ደንበኛው በአንድ ኩባንያ መሣሪያና አገልግሎት ታስሮ የሚቀርበትን ሁኔታ «የሥነ ምህዳር ቁልፍ» ብሎ መመለስም አያስደስተንም። ሥነ ምህዳር የዕፀዋትና የእንስሳት ኑሮ የሚጠናበት ዕውቀት ስም ነው፤ በዱር ውስጥ በር የሚዘጋ የለም። የገዛቸው ፊልሞች ብዙውን ጊዜ በሻጩ መዝገብ ብቻ የሚከፈቱለት ሰው ወደ ሌላ ልዛወር ቢል ንብረቱን ጥሎ ይሄዳል። ለዚህ ከቀድሞው የዳኝነት ልማዳችን «ቁራኝነት» የሚለውን ብናወጣ ይሻላል እንላለን። ስያሜው እንከን የለሽ አይደለም፤ በቁራኛ ባለዕዳውና ባለገንዘቡ አብረው ይታሰሩ ነበር፣ እዚህ ግን የሚታሰረው ተመልካቹ ብቻ ነው። የተሻለ ቃል ያለው አንባቢ ቢልክልን በሚቀጥለው ዕትም እናወጣለታለን።