የተጠሩ፣ ያልተጠሩ፣ የተሸከሙ

«ደግሞ ጎልፍ! የሀብታም ጨዋታ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። አልፈርድበትም። ሜዳው ሰፊ፣ ኳሷ ትንሽ፣ ተጫዋቹ ዝግተኛ፤ በሳተላይት ሲመጣ ብዙዎቻችን ጣቢያ ቀይረን እናልፋለን። እኔም ዛሬ ስለ ዱላ አያያዝ ልፈተፍት አልተነሣሁም። የማነሣው የአንድ ውድድር ታሪክ እንዴት እንደሚተረክ ነው። ሥነ ጽሑፍ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ተማሪዎቼን ደጋግሜ የምላቸው ነገር ነበር፤ ትረካ ስታነቡ የሚናገረውን ብቻ አትከተሉ፣ የት ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ እንደሚያደርግም ልብ በሉ። አሜሪካ ውስጥ በየዓመቱ በኤፕሪል ወር የሚካሄደው ማስተርስ የተባለው የጎልፍ ውድድር ለእንዲህ ዓይነቱ ንባብ የተመቸ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከቦቢ ጆንስ ነው። ጆንስ የአትላንታ ሰው፣ ለገንዘብ ሳይሆን ለፍቅር የሚጫወት አማተር ነበር። በ1930 የዘመኑን አራት ታላላቅ ውድድሮች በአንድ ዓመት ጠቅልሎ አሸነፈና ገና በ28 ዓመቱ ከውድድር ራሱን አገለለ። ቀጥሎ ከክሊፎርድ ሮበርትስ ጋር ሆኖ በጆርጂያ ግዛት፣ በኦገስታ ከተማ፣ ቀድሞ የችግኝ ማፍያ በነበረ መሬት ላይ ኦገስታ ናሽናል የተባለውን ክለብ አቋቋመ። ዛሬም አሥራ ስምንቱ ቀዳዳዎች እያንዳንዳቸው በዛፍ ወይም በአበባ ስም ይጠራሉ። የመጀመሪያው ውድድር በማርች 1934 ተካሄደ፤ አሸናፊው ሆርተን ስሚዝ ነበር። የውድድሩ ስም የያኔው «የኦገስታ ናሽናል የግብዣ ውድድር» ነው። ሮበርትስ ከጅምሩ «ማስተርስ»፣ የሊቃውንቱ ውድድር እንደማለት፣ እንዲባል ፈልጎ ነበር። ጆንስ ግን ትዕቢት ይመስላል ብሎ አልተቀበለውም። አምስት ዓመት ታገለና በ1939 ተረታ፤ ስሙ ጸደቀ።

«ግብዣ» የምትለዋ ቃል ከስሙ ወጣች እንጂ ከቤቱ አልወጣችም። እስከ ዛሬ ተጫዋች ማስተርስ የሚገባው ተጠርቶ ነው። ግብዣ ደግሞ ባለቤት አለው። ደጋሹን «ለምን እገሌን ጠርተህ እገሌን ተውክ?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ ያልተጠራ ሰው ቢቀየም ቅያሜው የራሱ ነው። ስለዚህ ይህን ታሪክ እንደ ድግስ ቤት ታሪክ ላንብበው። በድግስ ቤት ሦስት ዓይነት ሰው አለ። የተጠራ፣ ያልተጠራ፣ እና ጓዳ ሆኖ የሚሸከም።

የተጠሩት ታሪክ ያማረ ነው፤ ይህን መካድ ንፉግነት ይሆናል። ጂን ሳራዘን በ1935፣ በአምስት ምት ሊጨርሱት የሚገባውን 15ኛውን ቀዳዳ፣ ከ200 ሜትር በላይ ርቆ በመታት ኳስ በሁለት ምት ጨረሰው፤ ያቺ አንዲት ምት ገና የሁለት ዓመት ሕፃን የነበረውን ውድድር ስም አወጣችለት። ከ1949 ጀምሮ አሸናፊው አረንጓዴ ኮት ይለብሳል፤ የመጀመሪያው ሳም ስኒድ ነበር። ጃክ ኒክላውስ በ1986፣ በ46 ዓመቱ፣ አበቃለት ሲባል ስድስተኛውን ድል ወሰደ።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የ1968ቱ ነው። ሮቤርቶ ዴ ቪንሴንሶ የተባለው አርጀንቲናዊ በ45ኛ የልደት ቀኑ ድንቅ ጨዋታ ተጫውቶ ከቦብ ጎልቢ ጋር እኩል ወጣ። በማግስቱ መለያ ጨዋታ ሊገጥሙ ይገባ ነበር። ዳሩ ግን 17ኛውን ቀዳዳ በሦስት ምት ሲጨርስ ሕዝብ እያየው፣ ውጤቱን የሚመዘግብለት አብሮት የተጫወተው ሰው በስህተት አራት ብሎ ጻፈ። ዴ ቪንሴንሶም ሳያስተውል ፈረመበት። ሕጉ፣ ከእውነተኛው የበለጠ ቁጥር ተጽፎ ከተፈረመበት የተጻፈው ይጽና ይላል። ጸና! ጎልቢ በአንድ ምት አሸናፊ ተባለ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የእኛ አነጋገር ኦገስታ ላይ እንዲህ ጨክኖ ሠራ። ዐይን ካየው ይልቅ ወረቀት የያዘው በለጠ።

በዚህ ቤት ቃል ራሱ ይጠበቃል። ተመልካቹ ተራ ተመልካች አይባልም፤ «ፓትረን» ነው የሚባለው፣ የክብር ደንበኛ እንደማለት። በ1966 ጃክ ዊቴከር የተባለው የቴሌቪዥን ዘጋቢ፣ ወደ መጨረሻው ቀዳዳ የሚተመውን ሕዝብ በአፉ እንደመጣለት «ግርግረኛ» የሚል ትርጉም ባለው ቃል ቢጠራው ለዓመታት ከማስተርስ ሥርጭት ራቀ። ለጽሑፍ እንዲህ የሚገዛ፣ ለቃል እንዲህ የሚጠነቀቅ ቤት ነው እንግዲህ። አሁን ወደ ያልተጠሩት እንሂድ።

የአሜሪካ የፕሮፌሽናል ጎልፍ ተጫዋቾች ማኅበር አባልነትን ለነጮች ብቻ የሚፈቅድ አንቀጽ ደንቡ ውስጥ አስገብቶ ነበር። የተሰረዘው በ1961 ነው። እስኪሰረዝ ከታገሉት አንዱ ቻርሊ ሲፎርድ የተባለ ጥቁር ተጫዋች ነበር። ሲፎርድ በ1967 በሃርትፎርድ፣ በ1969 በሎስ አንጀለስ አሸነፈ። በዚያን ጊዜ ውድድር ማሸነፍ ብቻውን የማስተርስን በር አይከፍትም ነበር። ጠብቆ፣ ጠብቆ፣ ደብዳቤ ሳይደርሰው ዕድሜው ገፋ። ውድድር ያሸነፈ ሁሉ ያለምንም ምርጫ ይጠራል የተባለው ከ1972 ጀምሮ ነው፤ ያኔ ሲፎርድ 50 ዓመት ሊሞላው ነበር። በ1973 አሥራ ስምንት የኮንግረስ አባላት ሊ ኤልደር የተባለው ጥቁር ተጫዋች እንዲጠራ ለክለቡ ጻፉ። ክለቡ፣ መስፈርቱን ያሟላ ይጠራል ብሎ መለሰ። ኤልደር በ1974 በፍሎሪዳ፣ ፔንሳኮላ ላይ አሸንፎ መስፈርቱን አሟላ፤ በ1975 ማስተርስን የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ።

ልብ በሉ። የተጻፈው አንቀጽ ከተሰረዘ በኋላ ያልተጻፈው 14 ዓመት ቆየ። እዚህ ላይ ነው የዴ ቪንሴንሶ ታሪክ ሌላ ትርጉም የሚሰጠኝ። የተጻፈውን ስህተት ለማረም ፊርማ ያግዳል፤ ያልተጻፈውን ለማረም ደግሞ የሚጠቀስ መስመር የለም። የተጻፈ ግፍ ቢያንስ ቁጥር አለው፤ «አንቀጽ ይህን ያህል ይሰረዝ» ተብሎ ይሞገታል። ዝምታን ግን በምን አንቀጽ ትከሰዋለህ?

ኤልደር ኦገስታ የገባው የግድያ ዛቻ ደርሶት ነው። ለደኅንነቱ ሁለት ቤት ተከራይቶ እያቀያየረ አደረ። በሁለቱ ቀናት 74 እና 78 መትቶ ወደ ሦስተኛው ቀን ሳያልፍ ቀረ። ኤልደር ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደተናገረው፣ በሁለተኛው ቀን ወደ 18ኛው ቀዳዳ ሲራመድ አብዛኞቹ ጥቁር የነበሩት የክለቡ ሠራተኞች ሥራቸውን ጥለው ወጥተው ዳርና ዳር ተሰልፈው ጠበቁት። በዚህ ውድድር ታሪክ ውስጥ አንድ ሥዕል ምረጥ ብባል የምመርጠው ይኸንን ነው። ጓዳው ወደ አደባባይ የወጣበት ቅጽበት ነውና።

ምክንያቱም ጥቁር ሰው ኦገስታ ናሽናል ሜዳ ላይ ድሮም ነበር፤ ቦርሳ ተሸክሞ። እስከ 1982 ድረስ ማስተርስ ላይ እያንዳንዱ ተጫዋች የክለቡን ካዲ፣ ማለትም ቦርሳ ተሸካሚና አማካሪ፣ መውሰድ ግዴታው ነበር። ካዲዎቹ በነጭ ቱታ የሚሠሩ ጥቁሮች ነበሩ፤ ብዙዎቹ ሳንድ ሂልስ ከሚባለው የከተማው ሰፈር በልጅነታቸው የመጡ። የሣሩን ዝንባሌ፣ የነፋሱን አመል እንደ መዳፋቸው ያውቁት ነበር። ከ1983 ጀምሮ ተጫዋቾቹ የየራሳቸውን ካዲ እንዲያመጡ ተፈቀደ። ለተጫዋቾቹ ነፃነት ነው። ለኦገስታ ካዲዎች ግን በዓመቱ ትልቁ ሳምንት እንጀራቸው የተቀማበት ቀን ሆነ። እውቀታቸውም አብሯቸው ወደ ሰፈር ተመለሰ። ከጥቂቶቹ ቀሪዎች አንዱ ካርል ጃክሰን ነው፤ ቤን ክሬንሾው በ1984ም በ1995ም ሲያሸንፍ ቦርሳውን የያዘው እሱ ነበር። በ1995 ክሬንሾው የጎልፍ መምህሩን ቀብሮ በሳምንቱ አሸነፈና 18ኛው ቀዳዳ ላይ ጎንበስ ብሎ ሲያለቅስ ከኋላው መጥቶ የደገፈው ጃክሰን ነው። ፎቶግራፉ ዝነኛ ነው። ኮቱን የለበሰው ግን ያው እንደ ወጉ አንዱ ብቻ ነው።

የክለቡ አባልነትም የራሱ ታሪክ አለው፤ ባጭሩ ልለፈው። የመጀመሪያው ጥቁር አባል ሮን ታውንሰንድ የገባው በ1990 ነው፤ ያውም በአላባማ ሾል ክሪክ በተባለ ሌላ ክለብ ጥቁር አባል አለመኖሩ አገር አቀፍ ውዝግብ ካስነሣና ማስታወቂያ አስነጋሪዎች ከሸሹ በኋላ። በ2002 ማርታ በርክ የተባሉ የሴቶች መብት ተሟጋች ሴቶችም አባል እንዲሆኑ ሲጠይቁ፣ ሊቀ መንበሩ ሁቲ ጆንሰን ይህ የሚሆነው በራሳችን ጊዜ እንጂ በሳንጃ ጫፍ ተገደን አይደለም የሚል መልስ ሰጡ። ክለቡ ስፖንሰሮቹን ራሱ አሰናብቶ የ2003ንና የ2004ን ውድድር ያለ ማስታወቂያ አስተላለፈ። ይህ ለትችት የሚመች ነገር ነው። «ሁሉም ነገር የገንዘብ ጉዳይ ነው» ለሚለው ሰው ኦገስታ መልስ አለው፤ ገንዘብ ቀርቶብን በራችን ይዘጋ ያለ ቤት ነው። በሩ በ2012 ለኮንዶሊዛ ራይስና ለዳርላ ሙር ተከፈተ። ከጥያቄው አሥር ዓመት በኋላ፣ እንደተባለውም በራሳቸው ጊዜ።

በ1997 የ21 ዓመቱ ታይገር ውድስ በ270 ምት፣ ተከታዩን በ12 ምት አስከትሎ ሲያሸንፍ ሊ ኤልደር ኦገስታ ተገኝቶ ነበር። በ2021 ደግሞ ክለቡ ኤልደርን ከኒክላውስና ከጋሪ ፕሌየር ጋር በክብር ውድድሩን እንዲከፍት ጠራው፤ በስሙም ፔይን ኮሌጅ በተባለው የኦገስታ የጥቁሮች ኮሌጅ የትምህርት ዕድል ሰጠ። ኤልደር በኦክስጅን እየተነፈሰ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዱላውን ከፍ አድርጎ አሳየ። መምታት አልቻለም። በዚያው ዓመት በኖቬምበር፣ በ87 ዓመቱ ዐረፈ።

ሥነ ሥርዓቱን ልነቅፍ አልሻም። ያማረ ነበር፤ ከመቅረትም መዘግየት ይሻላል። የምነቅፈው አተራረኩን ነው። ክብር ሲሰጥ ሰጪው ይደምቃል፤ የዘገየው ዘመን ደግሞ «ረጅም ጉዞ» ተብሎ ይለሰልሳል፤ በሩን ማን ይዞት እንደቆየ ሳይነገር በሩ በራሱ ጊዜ የተከፈተ ይመስላል። የየትኛውንም ተቋም የኢዮቤልዩ መጽሔት ብትገልጡ ይህንኑ ታገኛላችሁ፤ የተሸለሙት በስማቸው፣ የተገፉት በጅምላ። ለኤልደር ወንበር ተገኘ። በ2015 በ92 ዓመቱ ያረፈው ሲፎርድ ግን ማስተርስን አንድም ቀን ሳይጫወት ነው የሄደው፤ ለእሱ የሚዘጋጅ ወንበር የለም። ለዘገየ ዕዳ ባንክ ወለድ ይጠይቃል፤ ለዘገየ ክብር ወለድ የሚከፍል የለም።

ታዲያ ታሪክ ጸሐፊው ቢያንስ አንድ ነገር ሊያደርግ ይችላል። የግብዣ ደብዳቤው መድረሱን ሲነግረን፣ የደረሰበትን ቀን ብቻ ሳይሆን መድረስ የነበረበትንም ቀን ከጎኑ ይጻፍልን። ለአንድ ቀዳዳ ሦስት ወይስ አራት ብሎ የተጨነቀ ቤት፣ ይህን መቁጠር አያቅተውም።