ጨለማ የለበሰ ቅድስና

የማቲው ሉዊስ ልብ ወለድ «መነኩሴው» በ1796 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ሲታተም ደራሲው ገና የ20 ዓመት ወጣት ነበር። ማድሪድ እንደ ቅዱስ የምታየው መነኩሴ አምብሮሲዮ በስውር ከዝሙት እስከ ነፍስ ግድያ ይወርዳል። ታሪኩ ብዙ ሳይቆይ ሥዕል በመዳብ ሰሌዳ ላይ በሚቀርጹ ሰዎች እጅ ገባ፤ የእኔም ልብ የሚያደላው ለእነሱ ነው።

ደራሲ የግብዝን ልብ ከፍቶ ያሳያል። ቀራጭ ያለው ግን መስመር ብቻ ነው። ሰሌዳውን በስለታም ብረት ይፈለፍላል፤ ቀለም ጭረቱ ውስጥ ይገባል፤ ርጥብ ወረቀት በማተሚያው ኃይል ሲጫነው ያን ቀለም መጦ ያወጣል። ጥላ የሚወለደው መስመር በመስመር ላይ ሲደራረብ ነው። ሰፊው የመነኩሴ ቀሚስና ቆብ ለዚህ ጥበብ የተሰፋ ይመስላል፤ የቅድስና ምልክት የሆነው ልብስ ራሱ የገጹ ጥቁር ስፍራ ይሆናልና። ይህን ቃል አይሠራውም!

በዚያ ዘመን እንደ «መነኩሴው» ያሉ የጎቲክ፣ ማለትም የጨለማና የፍርሃት ታሪኮች፣ ባለ 36 ገጽና ሰማያዊ ሽፋን የለበሱ ቅጂዎች ሆነው በ6 ፔንስ ይሸጡ ነበር። ብዙዎቹ ከፊታቸው ተዘርግቶ የሚታይ፣ አንዳንዴም በእጅ ቀለም የተቀባ ሥዕል ነበራቸው። የሥዕሎቹ አሠራር ሻካራ ነው፤ ፊት ከፊት አይለይም። ሆኖም ውድ መጽሐፍ መግዛት ለማይችል አንባቢ አስመሳይን ገና ታሪኩን ሳይጀምር ያጋልጡለት ነበር።

የእንግሊዝ ፕሮቴስታንቶች ለካቶሊክ ገዳማት የነበራቸው ጥላቻ እነዚህን መጻሕፍት እንዳሞቀ አይካድም፤ አንዳንዱ ሥዕል ከስድብ አይርቅም። በጥሩዎቹ ላይ ግን የሚከሰሰው እምነት ሳይሆን በእምነት የተሸፈነው ሰው ነው።