ኅዳርን ሰርዢው

ጳጉሜ 3 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ነው። ዲላ ላይ ዝናቡ ገና አልቆረጠም። በቅርቡ ወደ ከተማችን የተመደበች ወጣት መምህርት እኔ ወደምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ገብታ ጃንጥላዋን በሩ ሥር አቆመችና ከቦርሳዋ በማስመሪያ የተሰመረ ወረቀት አወጣች። የአዲሱ ዓመት የንባብ ዕቅዷ ነበር፦ 24 መጻሕፍት፣ በየወሩ ሁለት ሁለት፣ ከመስከረም እስከ ነሐሴ። «ጋሼ፣ በዛብኝ ይሆን? እርስዎ ለዓመቱ ስንት ይይዛሉ?» አለችኝ።

ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየሁት። የመጻሕፍቱ ምርጫ ጥሩ ነው። ቁጥሩም አላሳሰበኝም። እስክሪብቶ አቀበልኳትና «መጀመሪያ ኅዳርን ሰርዢው፤ ቀጥለሽ ታኅሣሥን» አልኳት። ግራ ገብቷት ፈገግ አለች፤ ግን አልሰረዘችም። ሰው ይጠብቀኝ ስለነበር በቅጡ ሳላስረዳት ተለያየን። ያን ቀሪ መልስ ነው አሁን የምጽፈው፤ ለእሷም፣ ጳጉሜ በመጣ ቁጥር ደብተር ለሚያሰምሩ ሁሉ።

ስለ መጽሐፍ አመራረጥ፣ ስለ ማስታወሻ አያያዝ፣ ማታ ስልክን ከራስጌ ስለማራቅ አላወራም። የንባብ ዕቅድ የሚያወጣ ሰው ይህን ያውቀዋል። እኔ የምሟገተው በአንድ ነገር ላይ ብቻ ነው፦ ዓመቱን እንደ ዳቦ እኩል መቁረስ ስህተት ነው።

ጌዴኦ ውስጥ ኅዳር የቡና ወር ነው። ከጥቅምት ጀምሮ በይርጋጨፌ፣ በወናጎ፣ በኮቸሬ፣ በገደብ እሸቱ ሲቀላ ለሰው ቀን አይሰጥም። ዛሬ የተለቀመው ዛሬውኑ መፈልፈያው መድረስ አለበት፤ ካደረ ጣዕሙ ይበላሻል። ታጥቦ ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣው ደግሞ ቀኑን ሙሉ በእጅ ይገላበጣል፣ እንከን ያለው ይለቀማል፣ ፀሐይ ሲበረታና ሲመሽ ይሸፈናል። ከተማ ያለነውም ከዚህ አናመልጥም። ነጋዴው ሚዛን ላይ፣ ሹፌሩ መንገድ ላይ ነው፤ መምህሩ ቅዳሜና እሑድ ወላጆቹን ሊያግዝ ገጠር ይወርዳል። የዓመቱ ገንዘብ የሚገባው በእነዚህ ጥቂት ወራት ስለሆነ ብድሩም፣ ሠርጉም፣ የጣሪያው ቆርቆሮም የሚታሰበው ያኔ ነው። በዚህ መሀል «የኅዳር ሁለት መጻሕፍት» የሚል መስመር ያሰመረ ሰው መስመሩን ሳይነካው ወሩ ያልቃል።

የሚያሳዝነኝ ኅዳር ላይ አለመነበቡ አይደለም። ለብዙ ዓመታት የውሰት መዝገብ ይዣለሁ፤ መስከረም ላይ ገጹ ይሞላል፣ ኅዳር ላይ ይሳሳል። ይህ የሚጠበቅ ነው። እኔን ያስደነገጠኝ ጥር ነው። ቡናው ገብቶ፣ ሰው አርፎ፣ ምሽቱ ሁሉ ነፃ ሲሆን መዝገቡ ባዶ ይሆናል። ምክንያቱን ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ። ኅዳር ላይ ሁለት መጽሐፍ የዘለለ ሰው ታኅሣሥ ሲያልቅ የአራት ዕዳ አለበት። ባለዕዳ ደግሞ የአበዳሪውን ደጅ ዞሮ ያልፋል እንጂ በፊት ለፊቱ አይሄድም። መንገድ ላይ ሳገኛቸው ሳልጠይቃቸው ይቅርታ የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ። አንባቢ የምናጣው በስንፍና ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን በዚህ ሐፍረት ነው ብዬ አምናለሁ። ሐፍረቱን የፈጠረው የእኛው ማስመሪያ ነው።

አብሮኝ ብዙ ዘመን የሠራ የሒሳብ መምህር በዚህ አይስማማም። የእሱ መንገድ በቀን 10 ገጽ ነው፤ ሌላ ሕግ የለውም። በዓመት 3,650 ገጽ ይሆናል ይላል። ከ500 ገጽ በላይ የሆነው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በዚህ ስሌት ሁለት ወር ገደማ ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብሎ ሲረታኝ፣ እንቁላሉ ከመሄዱ በፊት ዶሮዋ 21 ቀን ዝም ብላ እንደታቀፈችው አስታውሰዋለሁ። በዚያ 21 ቀን ውስጥ በየቀኑ ቅርፊቱን እየሰበረች ብታይ ጫጩት አታገኝም። ስንከራከር ዓመታት አለፉ።

የእሱ መንገድ ለእሱ ይሠራል፤ ይህን እመሰክርለታለሁ። ቀኖቹ ይመሳሰላሉ፤ የሚለቅመው ቡና የለውም። ወደ እኔ የሚመጡት ሰዎች ቀን ግን አይመሳሰልም። ከዚያም በላይ መጽሐፍም ከመጽሐፍ አይመሳሰልም። በ1900 ዓ.ም ሮም ላይ የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ቀጭን ነው፤ በአንድ የዝናብ ቀን ያልቃል። የአዳም ረታ «የስንብት ቀለማት» ከ900 ገጽ ያልፋል። በቁጥር ዕቅድ ላይ ሁለቱም «አንድ» ናቸው። ስለዚህ ቁጥር የያዘ ሰው ሰኔ ሲደርስና ወደ ኋላ ሲቀር እጁ ወደ ቀጭኑ መደርደሪያ ይሄዳል። ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

እኔ ዓመቴን የምጀምረው ደራሮ ሲያልፍ ነው። ደራሮ የጌዴኦ የምስጋናና የዘመን መለወጫ በዓል ነው፤ ጥር ላይ፣ ቡናው ከተሰበሰበ በኋላ ይከበራል። አባቶች ሲመርቁ፣ የገባው ገብቶ የቀረው ቀርቶ፣ ሰው ትንፋሹን ይሰበስባል። የንባብ ዓመት መጀመር ያለበት እዚያ ላይ ነው። የካቲትና መጋቢት የመጀመሪያው ዝናብ ወርዶ ቡናው በአበባ ነጭ ሲሆን ልብ ወለድ አነባለሁ። ትልቁ መጽሐፍ የክረምት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ዝናቡ ከቤት አያስወጣም፤ ያኔ በአንድ መቀመጫ 60 ገጽ የሚፈልገው መጽሐፍ 60 ገጹን ያገኛል። ጳጉሜ የሒሳብ መዝጊያ ናት፤ አንድ ቀጭን መጽሐፍ እደግምባታለሁ። መስከረምና ጥቅምት ለሥራዬ የሚያስፈልገውን አነባለሁ። ኅዳርና ታኅሣሥ ባዶ ናቸው። ባዶ የሆኑት በማወቅ ነው፤ በእጄ ጽፌ ባዶ አደርጋቸዋለሁ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ የጀመርኩትን መጽሐፍ ስዘጋ ያቆምኩበትን ገጽና የምመለስበትን ቀን በደብተሬ አሰፍራለሁ። ከዕቅዱ ሁሉ እኔ አጥብቄ የምጠብቃት ቃል ይህች የመመለሻ ቀን ናት።

የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር መስከረም 2016 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከተማችን በደስታ ተጥለቀለቀች። እኔም ደስ ብሎኝ አባቴን አሰብኩ። ከትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ቡና፣ ከቡናው መሀል እንሰት፤ ያ ማሳ የእሱም ማሳ ነበር። እንሰቱ ዓመታት ቆሞ ይጠብቃል፤ የሚነቀለው ቤቱ ሲፈልገው ነው። ቡናው በዓመት አንዴ ያውም በራሱ ወር ይሰጣል። አባቴ አንዱን ተክል ስለ ሌላው ወር ጠይቆት አያውቅም። የተማርነው ልጆቹ ነን ሁሉንም ወር አንድ ዓይነት ፍሬ የምንጠይቀው።

ትልልቆቻችን ይህን በንባብም ያውቁት ነበር። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ መጽሐፉ በጥቂት በጥቂቱ ነበር ወደ ሰው ቤት የሚገባው። ለቅሶ ወይም ሥራ ይዞት ያመለጠው ሰው በማግሥቱ ቡና ላይ «ሰብለ ምን ሆነች?» ብሎ ይጠይቃል፤ ጎረቤት ይነግረዋል፤ ለሚቀጥለው ክፍል ተመልሶ ሬዲዮው ሥር ይቀመጣል። አንድ ክፍል አምልጦኛል ብሎ በዛብህን ጥሎ የቀረ ሰው አላውቅም።

እኔ ራሴ ግን ጥዬ ቀርቼ አውቃለሁ። ሥራ በያዝኩ በሁለተኛው ዓመት 40 መጻሕፍት አቅጄ ነበር። ያን ዓመት አባቴ ታሞ ስለነበር ቡናውን የለቀምነው እኔና እናቴ ነን። ጥር ላይ ወረቀቱን ስከፍት የቀረብኝን ቆጠርኩ፣ አጠፍኩት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ለራሴ ብዬ አንድም መጽሐፍ አልከፈትኩም። በመጽሐፍ መሀል እየዋልኩ ማለት ነው። ከዚያ ያወጣችኝ እናቴ ናት፤ እሷ ግን ይህን አታውቅም ነበር።

እናቴ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው በ1971 ዓ.ም ተጀምሮ እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ፤ ከእነዚህ አንዱ ጌዴኦፋ ነበር። ዛሬ ልጆቻችን በላቲን ፊደል የሚማሩትን ቋንቋ እሷ በግዕዝ ፊደል ነው ያነበበችው። እኔ የአምስት ወይም የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከጎኗ መሬት ላይ እቀመጣለሁ። ቡናው ሲደርስ ከሚማሩበት ዳስ ቀረች። ሌሎቹም እናቶች ቀሩ። ደብተሯን በጨርቅ ጠቅልላ ጣሪያው ሥር ሰካችው፤ ለሁለት ወር ያህል አልነካችውም።

ጥር ላይ አንድ ቀን ነጠላዋን አጥባ ለበሰች፣ ደብተሩን አወረደች፣ እጄን ያዘችኝ። አስተማሪው ወጣት ልጅ ነበር። ይቆጣታል ብዬ ፈርቼ ከኋላዋ ተሸሸግሁ። እሷ ግን ይቅርታም አልጠየቀች፣ ምክንያትም አልደረደረች። ተቀመጠች፣ ደብተሩን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችና «ከየት ላይ ነበር ያቆምነው?» አለችው። ልጁ ገጹን ገልጦ አሳያት፤ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ቀጠለች።

እስክትሞት ድረስ ጣቷን ከመስመሩ ሳታነሣ ነው ያነበበችው። በአንድ ዓመት ብዙ ገጽ አንብባ አታውቅም። በየዓመቱ ቡና ሲደርስ መጽሐፏን ትሰቅላለች፤ በየዓመቱ ጥር ላይ ታወርደዋለች። በእነዚያ ሁለት ባዶ ዓመታት መጨረሻ፣ ጥር ላይ ልጠይቃት ሄጄ መጽሐፏን ስታወርድ አየኋት። ማታ ወደ ዲላ ተመልሼ የታጠፈውን ወረቀት ፈለግሁት። አርባዎቹን ሳልቆጥር፣ ከመሀል የቀረውን አንዱን መጽሐፍ ካቆምኩበት ገጽ ቀጠልኩ።

የዘንድሮው ደብተሬ ተዘጋጅቷል። የኅዳርና የታኅሣሥ ገጾች ነጭ ናቸው። የጥር ገጽ አናት ላይ፣ ከመጽሐፍ ርዕስ በፊት፣ በየዓመቱ የምጽፋት አንዲት መስመር አለች፦ ከየት ላይ ነበር ያቆምነው?